የቱናር ኮንፊግ ፋይል ጠፋብን ለምትሉ፦ ከየት ጀምሮ መፈለግ ይሻላል?

ጎረቤታችን ያለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ቅዳሜ ላፕቶፗን አቅፋ መጣች። "ጋሼ፣ ፋይሉ የለም። ራሴ ፈጠርኩት፣ አሁንም እንቢ አለኝ" አለችኝ።

ላፕቶፑ የቆየ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ስለሆነ ቀለል ያለውን የሊኑክስ ዓይነት፣ ዙቡንቱን ጭናበታለች። የፈለገችው ነገር ትንሽ ነበር። ፎልደር ስትከፍት ፋይሎቹ በትልልቅ ምስል ሳይሆን ተራ በተራ፣ ከነመጠናቸውና ከነቀናቸው እንዲደረደሩላት ነው። ፎልደር የሚከፍትላት ፕሮግራም ቱናር ይባላል። ስለ ኮንፊግ ፋይሉ፣ ማለትም ምርጫዎቹን ስለሚይዘው ፋይል፣ ያገኘችው መመሪያ "ቱናርአርሲ የሚባለውን ፋይል ክፈት፣ ይህን መስመር ቀይር" ይላል። ፋይሉ ኮምፒውተሯ ላይ የለም። ባዶ ፋይል ፈጠረች፣ ስሙን ሰጠችው፣ መስመሩን ጻፈችበት። ምንም አልተለወጠም። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነች። ያው ነው። ሦስት ምሽት ፈጅታበታለች።

አዘንኩላት፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ያ ፋይል ዱሮ ነበር። አሁን ቱናር አያነበውም። የሌለ ቤት በር ስታንኳኳ ነው የከረመችው።

"ፋይሉ የለም" የሚለው ቃል አራት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል። ፋይሉ ገና አልተፈጠረም ይሆናል። ቦታውን ቀይሮ ይሆናል። የምር ጠፍቶ ወይም ባዶ ሆኖ ይሆናል። ወይም ደግሞ አለ፣ ግን ባለቤቱ ሌላ ስለሆነ እናንተን አያስነካችሁም። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ፋይል መፍጠር አትጀምሩ።

ስለ ራሱ ስለ ቱናር ጥቂት ልበል። ቱናር የኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ፋይል ማኔጀር ነው። ኤክስኤፍሲኢን ኦሊቪዬ ፉርዳን የጀመረው በ1996 ነው። ቱናርን የጻፈው ቤኔዲክት ሞይረር ሲሆን፣ በ2007 ከወጣው ኤክስኤፍሲኢ 4.4 ጋር የቀድሞውን ፋይል ማኔጀር ተክቶ ገባ። ዛሬ በዙቡንቱና በሊኑክስ ሚንት የኤክስኤፍሲኢ ዓይነት ላይ ታገኙታላችሁ። ዕድሜው ረጅም ስለሆነ የተጻፈለት መመሪያም ብዙ ነው። ብዙው ግን አርጅቷል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ትእዛዝና የፋይል ስም የምጽፈው እንደሚነበበው በኛ ፊደል ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ጻፉት። ትልቅ ፊደል ሲያስፈልግ እነግራችኋለሁ። እንደ ኤል፣ ኤስ ያለ የፊደል ስም ስታዩ አንዷን ፊደል ብቻ ማለቴ ነው። ረጅም ስም ሲገጥማችሁ መጀመሪያውን ሁለት ሦስት ፊደል ጻፉና ታብ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ታብ ተጭናችሁ ካልሞላ ስሙን ተሳስታችኋል፣ ወይም ፋይሉ እዚያ የለም። ይህ ራሱ አንድ መፈተሻ ነው።

ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ተርሚናል ከመክፈታችሁ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ብዙ ሰው "ትእዛዙ አልተገኘም" ተብሎ ሲደነግጥ፣ ችግሩ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ መቅረቱ ብቻ ሆኖ አይቻለሁ።

እርምጃ 1፦ ድብቁን ግለጡ

ኮንፊግ ፋይሎች የሚቀመጡት በየተጠቃሚው ቤት ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ፎልደር ነው። ሊኑክስ በነጥብ የሚጀምርን ነገር ይደብቃል። ስለዚህ ቱናርን ክፈቱ፣ ወደ ሆም ፎልደራችሁ ግቡ፣ ኮንትሮልና ኤች አንድ ላይ ተጫኑ። ፈዘዝ ያሉ አዳዲስ ፎልደሮች ብቅ ይላሉ። ከነሱ አንዱ ነጥብ ኮንፊግ ነው። እሱን ክፈቱ።

ተርሚናል የምትመርጡ ከሆነ፦

ኤልኤስ -ኤልኤ ~/.ኮንፊግ

~ የምትለዋ ሞገደኛ መስመር ማለት ሆም ፎልደራችሁ ማለት ነው። በኪቦርዱ ግራ፣ ከቁጥር 1 አጠገብ ካለው ቁልፍ ላይ ትገኛለች።

እዚህ ላይ ዓይናችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ ፊደልን እንደ ሁለት የተለያየ ፊደል ነው የሚያየው። የቱናር ፎልደር በትልቁ ቲ ነው የሚጀምረው። በትንሹ ቲ ብትፈልጉት የለም ይላችኋል፤ ብትፈጥሩት ደግሞ ሁለት ፎልደር ይኖራችሁና ፕሮግራሙ የናንተን ዞር ብሎ አያየውም። የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱም ተደርድረው ነበር።

የት እንዳለ ጨርሶ ካልገባችሁ፣ ትልቅና ትንሽ ሳይለይ የሚፈልግ ትእዛዝ አለ፦

ፋይንድ ~ -አይኔም '*ቱናር*'

ውጤቱን ጻፉት ወይም ፎቶ አንሱት። በኋላ ይጠቅማችኋል።

እርምጃ 2፦ የምትፈልጉት ፋይል ዛሬ መኖር አለበት ወይ?

ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ዱሮ የቱናር ምርጫዎች በሙሉ የሚቀመጡት በትልቁ ቲ በሚጀምረው ፎልደር ውስጥ፣ ቱናርአርሲ በሚባል ፋይል ነበር። ቀላል የጽሑፍ ፋይል ነው። በማንኛውም ጽሑፍ አርታኢ ትከፍቱትና ትቀይሩታላችሁ። በኋላ ግን ሠሪዎቹ ምርጫዎቹን ወደ ኤክስኤፍኮንፍ አዛወሯቸው። ኤክስኤፍኮንፍ የመላው ኤክስኤፍሲኢ የጋራ ማከማቻ ነው። የዴስክቶፑም፣ የፓነሉም፣ የቱናርም ምርጫ እዚያ ይገባል። አሮጌ ቱናርአርሲ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አዲሱ ቱናር ሲነሳ፣ ምርጫዎቻችሁ ወደ ኤክስኤፍኮንፍ ተዛውረዋል፣ ይህ ፋይል ከእንግዲህ አያገለግልም የሚል ማስታወቂያ ተርሚናል ላይ ይጽፋል። ተርሚናል ከፍቶ ያልጀመረው ሰው ግን ይህን ማስታወቂያ መቼም አያየውም።

የዛሬው ቦታ ይህ ነው፦

~/.ኮንፊግ/ኤክስኤፍሲኢ4/ኤክስኤፍኮንፍ/ኤክስኤፍሲኢ-ፐርቻነል-ኤክስኤምኤል/ቱናር.ኤክስኤምኤል

ረጅም ነው፤ ታብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እዚህ ያለው ቱናር በትንሹ ቲ ነው። ፎልደሩ በትልቁ፣ ፋይሉ በትንሹ።

ይህ ፋይል ውስጥ የምታገኙት የቀየራችሁትን ብቻ ነው። ያልነካችሁት ምርጫ እዚያ አይጻፍም፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው መነሻ ይሠራል። ስለዚህ ፋይሉን ከፍታችሁ አራት አምስት መስመር ብቻ ብታዩ አትደንግጡ። የፈለጋችሁት ስም እዚያ አለመኖሩ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ገና አልነካችሁትም ማለት ነው። ቱናር የተጫነበት ግን አንዴም ያልተከፈተበት አዲስ አካውንት ላይ ፋይሉ ራሱ ላይኖር ይችላል። ቱናርን አንዴ ክፈቱት፣ የመስኮቱን መጠን ቀይሩ፣ ዝጉት። ይፈጠራል።

በትልቁ ቲ ፎልደር ውስጥ ዛሬም የሚኖሩት ዋነኞቹ ሁለት ፋይሎች ናቸው። አንዱ ዩሲኤ.ኤክስኤምኤል ነው። በቀኝ ክሊክ የሚመጣው ዝርዝር ላይ ራሳችሁ የጨመራችኋቸው ሥራዎች እዚያ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው አክሰልስ.ኤስሲኤም ሲሆን የኪቦርድ አቋራጮችን ይይዛል። በግራ በኩል የምትደረድሯቸው የፎልደር ምልክቶች ግን የቱናር ብቻ ስላልሆኑ ~/.ኮንፊግ/ጂቲኬ-3.0/ቡክማርክስ ውስጥ ናቸው። እነሱ ሲጠፉባችሁ የቱናርን ፎልደር ብትበረብሩ ምንም አታገኙም።

እንግዲህ የጎረቤቴ ልጅ ጉዳይ እንዴት እንደተፈታ ልንገራችሁ። ቱናር ላይ ኤዲት፣ ከዚያ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ዲስፕሌይ። የመጀመሪያው ምርጫ አዲስ ፎልደር በምን መልክ ይከፈት የሚል ነው። ሊስት ቪው አልናት። አለቀ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

በምርጫ ገጹ ላይ የማይገኝ ነገር መቀየር ስትፈልጉም የኤክስኤምኤል ፋይሉን በእጃችሁ አትክፈቱ። ኤክስኤፍኮንፍዲ የሚባል ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ይዘቱን ሜሞሪ ላይ ይዞታል። እናንተ ፋይሉን ትቀይራላችሁ፣ እሱ አያውቅም። ቆይቶ የያዘውን ሲጽፍ የናንተን ይደመስሰዋል። "ቀየርኩት፣ ተመልሶ መጣ" የሚለው የተለመደ ስሞታ ምንጩ ይህ ነው። ይልቅ ከሴቲንግስ ውስጥ ሴቲንግስ ኤዲተር የሚለውን ክፈቱ። በግራ ዝርዝሩ ላይ ቱናር የሚለውን ምረጡ። በቀኝ ስሞቹና ዋጋዎቻቸው ይመጣሉ፤ እዚያው ቀይሯቸው። በተርሚናል ማየት ለፈለገ፦

ኤክስኤፍኮንፍ-ኵዌሪ -ሲ ቱናር -ኤል -ቪ

ይህ ትእዛዝ ዝርዝር ካወጣ፣ የቱናር ምርጫዎች በሕይወት አሉ ማለት ነው።

እርምጃ 3፦ ቱናር ራሱ ምን እንደሚል ስሙት

መስኮቱን በኤክስ ምልክት መዝጋት ቱናርን አያጠፋውም። ብዙ ጊዜ ከጀርባ ይቀጥላል። በትክክል የሚያጠፋው ይህ ነው፦

ቱናር -ኪው

ከዚያ እዚያው ተርሚናል ላይ ቱናር ብላችሁ ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ ቅሬታ ካለውም ተርሚናሉ ላይ ይጽፈዋል። መልእክቶቹን አንብቡ። የማታውቁት እንግሊዝኛ ቢኖርበት እንኳ ሁለት ነገር ፈልጉበት፤ የፋይል ስምና ምክንያት። ፈቃድ የለህም ካለ ወደ እርምጃ 5 ሂዱ። ሰነዱ ባዶ ነው የሚል ዓይነት ከሆነ ቀጣዩ የናንተ ነው።

መልእክቱ ምንም ካልነገራችሁ አንድ ደህና ፈተና አለ። አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሩ (ሱዶ ማለት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሥራ ማለት ነው)፦

ሱዶ አድዩዘር ሙከራ

ሙከራ የሚለውን በላቲን ጻፉት። ከዚያ ሎግ አውት አድርጋችሁ በሱ ግቡ። ቱናር እዚያ ደህና ከሠራ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ያለው የናንተ ሆም ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያም ካልሠራ ችግሩ የጠቅላላው ሲስተም ነው። ይህች ፈተና አምስት ደቂቃ ትወስዳለች፣ ግን ፍለጋውን በግማሽ ትቀንሰዋለች። ሲያልቅ አካውንቱን ሱዶ ደልዩዘር --ሪሙቭ-ሆም ሙከራ ብላችሁ ሰርዙት።

ፕሮግራሙን አጥፍቶ መጫን ለምን እንደማይረዳም ከዚሁ ይገባችኋል። አፕት (ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያጠፋው ትእዛዝ) አንድን ፕሮግራም ሲያጠፋ፣ ፐርጅ (ከነኮንፊጉ አጥፋ) ብትሉትም እንኳ፣ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ያለውን አይነካም። የተበላሸው ኮንፊግ እዚያው ይጠብቃችኋል።

እርምጃ 4፦ አለ፣ ግን ባዶ ነው?

ይህ በኔው ኮምፒውተር ላይ የደረሰ ነው። ዩፒኤስ የለኝም። ቀኝ ክሊክ ላይ አንድ አዲስ ሥራ እየጨመርኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ቱናርም ተከፈተ። ቀኝ ክሊክ ሳደርግ ግን በጊዜ ብዛት ያከማቸኋቸው ሥራዎች አንዱም የለም። ምስል ለቴሌግራም የሚያሳንሰው፣ ፒዲኤፍ የሚያገናኘው፣ ሁሉም። እንዲያውም ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚመጣው "ተርሚናል እዚህ ክፈት" የሚለው ራሱ ጠፍቷል። መጀመሪያ ያሰብኩት ፋይሉ ተሰርዟል ብዬ ነበር። ይህን ጻፍኩ፦

ኤልኤስ -ኤል ~/.ኮንፊግ/ቱናር

ዩሲኤ.ኤክስኤምኤል ቁጭ ብሏል። ከባለቤቱ ስም ቀጥሎ፣ ከቀኑ በፊት ያለውን መጠን አየሁ። 0 ይላል። ስሙ ዲስኩ ላይ ተመዝግቧል፣ ይዘቱ ግን ከመብራቱ በፊት አልደረሰም።

ባዶ ፋይል ከሌለ ፋይል የባሰ ነው። ቱናር የሥራ ዝርዝሩን ሲፈልግ መጀመሪያ የናንተን ቤት ያያል። እዚያ ካጣ ወደ /ኢቲሲ/ኤክስዲጂ/ቱናር ሄዶ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውን ያነባል። ባዶው ፋይል ግን በቦታው ስላለ "አገኘሁት" ብሎ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ባዶውን ፋይል ዞር ማድረግ ብቻ መነሻውን ይመልሰዋል፦

ቱናር -ኪው
ኤምቪ ~/.ኮንፊግ/ቱናር/ዩሲኤ.ኤክስኤምኤል ~/.ኮንፊግ/ቱናር/ዩሲኤ.አሮጌ

አሮጌ የሚለውንም በላቲን ነው። መሰረዝ ሳይሆን ስም መቀየር ልመዱ። ፋይሉ 0 ባይሆንና መሀሉ ላይ ብቻ ቢበላሽ፣ ከውስጡ ትእዛዞቻችሁን በዓይን አይታችሁ ልትገለብጡ ትችላላችሁ።

ከዚያ ቱናርን ስትከፍቱ መነሻዎቹ ይመለሳሉ። የራሳችሁን ደግሞ ኤዲት ውስጥ ካለው ኮንፊገር ከስተም አክሽንስ ትጽፏቸዋላችሁ። የመደመር ምልክቱን ተጫኑ፣ ስም ስጡት፣ ትእዛዙን ጻፉ። ትእዛዙ ላይ የፐርሰንት ምልክትና ትንሹ ኤፍ ማለት የተመረጠው አንድ ፋይል ነው። ፐርሰንትና ትልቁ ኤፍ ማለት የተመረጡት ሁሉ ናቸው። ሁለተኛውን ገጽ አትርሱት። ሥራው ለምን ዓይነት ፋይል እንደሚታይ የሚወሰነው እዚያ ነው። ለፎልደር የሚሆን ሥራ ጽፋችሁ ዳይሬክተሪስ የሚለው ላይ ምልክት ካላደረጋችሁ፣ ሥራው ተጽፎም ፎልደር ላይ አይታይም። እንደገና "ጠፋ" ትላላችሁ።

ፋይል ባዶ የሚሆነው በመብራት ብቻ አይደለም። ዲስክ ሲሞላም ይሆናል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ይከፍታል፣ የሚጽፍበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ምንም ከመጠገናችሁ በፊት ዲኤፍ -ኤች በሉ። ሆም ፎልደራችሁ ያለበት ክፍል 100% ከሆነ መጀመሪያ ቦታ ልቀቁ። ያለዚያ የጠገናችሁት ፋይል ተመልሶ ባዶ ይሆናል።

የተበላሸው ቱናር.ኤክስኤምኤል ከሆነ አካሄዱ ትንሽ ይለያል፤ ኤክስኤፍኮንፍዲ ሜሞሪ ላይ ስለያዘው ዴስክቶፑ እየሠራ መንካት አያዋጣም። ክፍት ሥራችሁን አስቀምጡና ሎግ አውት አድርጉ። መግቢያው ገጽ ላይ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር ገጽ ይመጣል። በስማችሁና በፓስወርዳችሁ ግቡ። ፓስወርድ ስትጽፉ ምንም አይታይም፣ ኮከብም የለም። ግን ይጻፋል። ከዚያ ወደዚያ ረጅም ፎልደር ሲዲ በሚለው ትእዛዝ ሂዱና የፋይሉን ስም በኤምቪ ቀይሩ። ኤግዚት ብላችሁ ውጡ። በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ7 ወደ መግቢያው ተመለሱ፤ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ነው። ስትገቡ ቱናር እንደ አዲስ ይነሳል።

እርምጃ 5፦ አለ፣ ግን የናንተ አይደለም?

አሁንም ኤልኤስ -ኤል ያወጣውን ተመልከቱ። ሦስተኛው ዓምድ የባለቤቱ ስም ነው። እዚያ ላይ የናንተ ስም መኖር ሲገባው ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) የሚል ካያችሁ ችግሩን አገኛችሁት። ምርጫ ትቀይራላችሁ፣ ለጊዜው ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግን የለም። ምክንያቱም ቱናር በናንተ ስም እየሠራ የሩትን ፋይል መጻፍ አይችልም።

ይህ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ የሆነ ቀን ሱዶ ቱናር ብላችሁ ከፍታችሁታል። ፕሮግራሙ በሩት ሥልጣን እየሠራ የናንተን ሆም ፎልደር ሲጠቀም ፋይሎቹን በሩት ስም ይጽፋቸዋል። ማስተካከያው ይኸው፦

ሱዶ ቾውን -አር ስማችሁ: ~/.ኮንፊግ/ቱናር ~/.ኮንፊግ/ኤክስኤፍሲኢ4

ቾውን የሚጻፈው በሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኤን ነው። አር ትልቁ ነው። ስማችሁ ባልኩበት ቦታ የመግቢያ ስማችሁን ጻፉ፤ ካላስታወሳችሁት ሁአሚ የሚለው ትእዛዝ ይነግራችኋል፣ የሚጻፈውም ደብሊው፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ፣ ኤም፣ አይ ተብሎ ነው። ሁለት ነጥቧን አትዝለሏት።

እባካችሁ፣ ይህን ትእዛዝ ስትጽፉ ቦታ እንዳትሳሳቱ። ከሞገደኛዋ መስመር በኋላ ያለችው ስላሽ ብቻዋን ተነጥላ ብትቆም፣ መላውን ሲስተም በናንተ ስም ማዛወር ትጀምራላችሁ። ያ ሲሆን ሱዶ ራሱ መሥራት ያቆማል፤ መልሶ ማቃናቱም አዲስ ከመጫን አይተናነስም። ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት አንዴ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ለወደፊቱ በሩት ሥልጣን ፋይል መክፈት ሲያስፈልጋችሁ ፒኬኤግዜክ ቱናር በሉ። እሱ የሩትን የራሱን ሆም ፎልደር ስለሚጠቀም የናንተን አይበክልም።

እርምጃ 6፦ ከሲስተሙ ላይ የጠፋ እንደሆነ

አዲስ የፈጠራችሁት ተጠቃሚ ላይም ችግሩ ካለ፣ የጠፋው በ/ኢቲሲ/ኤክስዲጂ/ቱናር ስር ያለው መነሻ ዩሲኤ.ኤክስኤምኤል ሊሆን ይችላል። የሆነ ሰው ወይም የሆነ ማጽጃ ስክሪፕት ሰርዞታል። መጀመሪያ የየትኛው ጥቅል (ፓኬጅ) ንብረት እንደሆነ ጠይቁ፦

ዲፒኬጂ -ኤስ /ኢቲሲ/ኤክስዲጂ/ቱናር/ዩሲኤ.ኤክስኤምኤል

ኤስ ትልቁ ነው። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ባይኖርም መዝገቡ ያውቀዋል፤ የጥቅሉን ስም ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ሪኢንስቶል ይሉና ፋይሉ አልመጣም ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ቤተሰብ ኢቲሲ ውስጥ ያለ ኮንፊግ ፋይል ሲሰረዝ፣ ሲስተሙ "ባለቤቱ አስቦበት ነው የሰረዘው" ብሎ ያከብራል። በተራ ሪኢንስቶል አይመልሰውም። እንዲመልስ በግልጽ መንገር አለባችሁ፦

ሱዶ አፕት -ኦ ዲፒኬጂ::ኦፕሽንስ::="--ፎርስ-ኮንፍሚስ" ኢንስቶል --ሪኢንስቶል ቱናር

የዲፒኬጂ ዲ እና የኦፕሽንስ ኦ ትልልቅ ናቸው። ከአፕት ቀጥሎ ያለችው ኦ ግን ትንሿ ናት። በመጨረሻው ቃል ቦታ ከላይ የተነገራችሁን የጥቅል ስም ጻፉ። ይህ ትእዛዝ የሚመልሰው የሌለውን ብቻ ነው፤ ያለውንና የቀየራችሁትን አይደመስስም።

ቱናርን የሚመስሉ፣ ግን ቱናር ያልሆኑ ሁለት ችግሮች

አንደኛው ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዴስክቶፑ ላይ ተዘርግፎ ታገኙታላችሁ። የሚሆነው ዴስክቶፕ የሚባለው ፎልደር ሲሰረዝ ወይም ስሙ ሲቀየር ነው። ሲስተሙ ፎልደሩን ሲያጣ በ~/.ኮንፊግ/ዩዘር-ዲርስ.ዲርስ ፋይል ላይ ሆም ራሱን ዴስክቶፕ ብሎ ይመዘግባል። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን "ላጽዳ" ብላችሁ እንዳትሰርዙ፤ እውነተኛ ፋይሎቻችሁ ናቸው! ፎልደሩን መልሳችሁ ፍጠሩና መዝገቡን አስተካክሉ፦

ኤምኬዲር ~/ዴስክቶፕ
ኤክስዲጂ-ዩዘር-ዲርስ-አፕዴት --ሴት ዴስክቶፕ ~/ዴስክቶፕ

የፎልደሩ ስም በትልቁ ዲ ይጀምራል። ከሴት ቀጥሎ ያለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ነው። ሎግ አውት ብላችሁ ተመለሱ።

ሁለተኛው፣ የፎልደር ምልክት ስትጫኑ ዋናውን ፋይል ማኔጀር ማስነሳት አልተቻለም የሚል መስኮት ሲመጣ ነው። ቱናርን በስሙ ከተርሚናል ስትጠሩት ግን ይከፈታል። የጎደለው የትኛው ፕሮግራም ዋና እንደሆነ የሚይዘው ~/.ኮንፊግ/ኤክስኤፍሲኢ4/ሄልፐርስ.አርሲ ነው። በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ሴቲንግስ ውስጥ ዲፎልት አፕሊኬሽንስ ግቡ፣ ዩቲሊቲስ የሚለው ገጽ ላይ ፋይል ማኔጀሩን ቱናር አድርጉ። ፋይሉ ራሱ ይጻፋል።

ሁሉም ሲስተካከል

ያቺ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ ከመሄዷ በፊት በፍላሽ ላይ አንድ ነገር አስቀመጥን። ቲ ትልቅ የሆነውን የቱናር ፎልደርና ኤክስኤፍሲኢ4ን በሙሉ። በሷ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱም ፎልደሮች ትንሽ ስለነበሩ ቅጂው ወዲያው አለቀ፦

ሲፒ -ኤ ~/.ኮንፊግ/ቱናር ~/.ኮንፊግ/ኤክስኤፍሲኢ4 የፍላሹ_መንገድ

የፍላሹ መንገድ ባልኩበት ቦታ ፍላሹ የሚከፈትበትን አድራሻ ጻፉ፤ ቱናር ላይ ፍላሹን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤል ስትጫኑ ከላይ ታገኙታላችሁ። ፍላሹ እንደ አብዛኞቹ በዊንዶውስ ፎርማት የተሠራ ከሆነ የባለቤትነትን መረጃ አይዝም። ስለዚህ ከዚያ ስትመልሱ እርምጃ 5 ላይ ያየነውን ዓምድ አንዴ እዩ።

የሊኑክስ ሚንት ተጠቃሚዎች ደግሞ ታይምሺፍት (የሲስተሙን ቅጂ የሚይዘው ፕሮግራም) አለኝ ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ታይምሺፍት ካልነገራችሁት በስተቀር ሆም ፎልደርን አይጨምርም። ሲስተሙን ይመልስላችኋል፤ እነዚህን ፋይሎች ግን በፍላሽ መያዝ የናንተ ሥራ ነው።